ቀድማችሁ አንኳኩ

ከኮልፌ ተነስታችሁ ለትምህርት ወደ ኖርዌይ ወይም ወደ ስዊድን ለመሄድ የምትሰናዱ ልጆቼ፣ እነዚያ አገሮች ለሰፈራችን ባዕድ አይደሉም። ዘነበወርቅ፣ ከአለርት ሆስፒታል ጎን ያለውን የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1970 የመሠረቱት የሁለቱ አገሮች የሕፃናት አድን ድርጅቶች ናቸው። ስሙ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1873 በርገን ከተማ ውስጥ የሥጋ ደዌን አምጪ ተህዋስ ካገኘው ሐኪም ነው። ልጅ ሳለሁ በሆስፒታሉ መንገድ በበሽታው የተጎዳ እጃቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው የሚያልፉ ሰዎች አይ ነበር። ቶሎ የታከመ ጣቶቹ ሳይጎዱ ይድናል፤ አፍሮ የቆየ ግን ቢድንም ጉዳቱ አብሮት ይኖራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለውን እኛ በዓይናችን አይተነዋል። ምክሬም ይኸው ነው፦ ስትቸገሩ አትደብቁ።

እዚህ ሁለት ቀን ከቤት ካልወጣችሁ ጎረቤት "ምነው ድምፃችሁ ጠፋ?" ብሎ በር ያንኳኳል። እዚያ ሳይጠሩት የሚመጣ የለም። ጠልተዋችሁ አይደለም፤ ሰውን በቤቱ ማስቸገር ነውር ስለሚመስላቸው ነው።

እኔ በርገን በተማርኩበት የመጀመሪያው ታኅሣሥ ፀሐይ ረፋዱ ላይ ወጥታ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ግድም ትጠልቅ ነበር፤ ዝናቡም የእኛን ሐምሌ ያስንቃል። አንድ ቀን የተማሪዎች መኖሪያው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ማሽን ውስጥ የከተትኩት ልብስ እርጥቡን ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተከምሮ አገኘሁት። "ናቁኝ" ብዬ ክፍሌን ዘግቼ ሰነበትኩ። በኋላ አንዲት ልጅ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰሌዳ በጣቷ አሳየችኝ። ለካ ቀንና ሰዓት አስቀድሞ ይያዛል፤ የገባሁት በሰው ተራ ነበር። ብጠይቅ ኖሮ ያ ሁሉ ቀን በከንቱ ባልተከፋሁ።

ትምህርቱም እንደዚያው ነው። መምህሩን በስሙ ነው የሚጠሩት። "አንቱ" እያለ ላደገ አንደበት ይከብዳል፤ ግን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ዝም ካላችሁ የገባችሁ ይመስላቸዋል። ያልገባችሁን በሁለተኛው ሳምንት ጠይቁ፤ ፈተና እስኪደርስ አትጠብቁ።

ከሁሉ የሚከብደው የገንዘቡ ነገር ነው። በእኔ ጊዜ ትምህርቱ በነፃ ነበር። ዛሬ ግን ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ2011፣ ኖርዌይ ደግሞ ከ2023 ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣውን ተማሪ ያስከፍላሉ። ኖርዌይ ውስጥ በትምህርት ወቅት የሚፈቀደው ሥራ በሳምንት 20 ሰዓት ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድም የሚታደሰው ትምህርቱ ሲገፋ ነው። ቤተሰብ "ላክልን" ሲል በይሉኝታ እሺ ብሎ ሌሊቱን በሥራ፣ ቀኑን በእንቅልፍ ጨርሶ ትምህርቱ የተበላሸበት ልጅ አውቃለሁ። እናቱ እውነቱን ብታውቅ ኖሮ ሳንቲም ባልጠየቀችው። ከመሄዳችሁ በፊት ቤተሰባችሁን ሰብስባችሁ "እስክጨርስ አልችልም" በሉ። ሲከፋችሁም ስልክ ላይ "ደህና ነኝ" ብቻ አትበሉ።

ጀበናችሁን ያዙ። የኮሪደራችሁን ልጆች "እሑድ በዚህ ሰዓት ቡና አለ" ብላችሁ ጥሩ፤ ሰዓቱን ከነገራችኋቸው ይመጣሉ። በዓመቱ ከእናንተ ኋላ የሚመጣ የአገር ልጅ በሩን ዘግቶ ስታገኙት ደግሞ የዚያን አገር ልማድ ለአንድ ቀን ተዉት። ሳይጠራችሁ ሄዳችሁ አንኳኩለት።