«ሉዝ»፦ ልቅ ወይስ ነፃ?

እንግሊዝኛ «ሉዝ» በሚለው ቅጽሉ ያልተያያዘ ነገርን ሁሉ በአንድ ጆንያ ይከታል። ያልጠበቀ ብሎን፣ ሰንሰለቱ የተፈታለት ውሻ፣ ኪስ ውስጥ የሚንሿሿ ሳንቲም፣ ያልተጠረዘ ወረቀት፣ በመጨረሻም ሥነ ምግባር ጎደለው የሚባል ሰው፤ ሁሉም «ሉዝ» ናቸው። የእኛ ቋንቋ ግን ይለያያቸዋል። ብሎኑ ላላ እንላለን፤ ውሻው ተለቀቀ፤ ሳንቲሙ ዝርዝር ነው፤ ወረቀቱ ብትን ነው። ሰው ላይ ስንደርስ ነው ነገር የሚመጣው፤ አንዱን «ልቅ»፣ ሌላውን «ነፃ» እንለዋለን። ለመሆኑ ልዩነቱን የሚወስነው ማነው?

አቃቂን እንውሰድ። መለዋወጫ በሚመረትበት ፋብሪካ ውስጥ ጥያቄው ቀላል ነው። ብሎን የተሠራው ለመጥበቅ ነው፤ ከላላ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፣ ሠራተኛም ይጎዳል። ብሎኑ ደግሞ የራሱ ሐሳብ የለውም። አሁን ለፋብሪካ ሥራ ከገጠር መጥታ፣ ቤት ተከራይታ ብቻዋን የምትኖር ሴት እናስብ። ሠፈሩ «ልቅ ናት» ለማለት ጊዜ አይፈጅበትም። ወንድሟ ያንኑ ቢያደርግ «ራሱን ቻለ» ይባላል። ኑሮው አንድ፣ ቅጽሉ ሁለት! «ልቅ» የሚላት ሰው ሳያውቀው የሌላ ሰው ማሽን ብሎን አድርጓታል።

ታዲያ ማሰሪያ ሁሉ ይበጠስ ማለት ነው? ኧረ አይደለም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር በአቃቂ በኩል ያልፍ ነበር፤ ከባቡሩ የተፈታ ፉርጎ ግን ነፃ ቢባል የት ይሄዳል? ቋንቋችንም ይህን ያውቃል። እስረኛ ማለት የታሰረ ነው፤ ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት የወጣ ሰው «ተፈታ» ይባላል፤ እልልታ ነው። «ሥራ ፈት» ስንል ግን ያው መፍታት ስድብ ሆኖ ቁጭ ይላል። ተፈትቶ የሚቀጥረው ያጣ ሰው ሁለቱንም ቃል በአንድ ወር ውስጥ ይሰማል።

እንግዲህ ማሰሪያ መኖሩና አለመኖሩ ብቻውን መመዘኛ ሊሆን አይችልም። ቋጠሮውን ማን ቋጠረው? የታሰረው ሰውስ ተጠይቋል ወይ? ነፃ ሰውም ይታሰራል፤ በትዳር፣ በማኅበር፣ በሥራ፣ በሰጠው ቃል። ቋጠሮው ላይ የራሱ እጅ ስላለበት ግን ነፃ ነው።

«ልቅ» የመጣው «ለቀቀ» ከሚለው ግሥ ነው። ስለዚህ አንዷን «ልቅ» ለማለት አፋችን ሲከፈት፣ «ማን ይዟት ኖሯል?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ ስለ እሷ ከሚነግረን ይልቅ ስለ ያዡ የሚነግረን ሳይበልጥ አይቀርም።