የሥራ ክብርና የላብ ዋጋ

ሥራ ሰውን ያስከብራል ይባላል። ይሁን እንጂ ሥራው ሲሞገስ ሠራተኛው የሚናቅ ከሆነ፣ ክብሩ የማን ነው? የአሜሪካ ኅብረተሰብ ይህን ጥያቄ አጉልቶ ያሳያል። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ጊዜ ገንዘብ መሆኑን በ1748 እ.ኤ.አ. ከጻፈ ወዲህ፣ በዚያ አገር ትጋት እንደ ሃይማኖት ሲሰበክ ኖሯል። የስብከቱ ሌላ ገጽ ግን ጨካኝ ነው፤ ይኸውም የተጋ ሁሉ ያልፍለታል ከተባለ፣ ያላለፈለት ሁሉ ሰነፍ ነው ወደሚል ፍርድ ያደርሳል።

ይህን ፍርድ የሜምፊስ ከተማ ቆሻሻ አንሺዎች ሐሰት አድርገውታል። እነዚህ ጥቁር አሜሪካውያን ቀኑን ሙሉ እየሠሩ፣ ብዙዎቹ ያለ ድጎማ ቤተሰባቸውን መመገብ አይችሉም ነበር። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1968 ኢኮል ኮልና ሮበርት ዎከር የተባሉ ሁለት ሠራተኞች ከዝናብ በተጠለሉበት የቆሻሻ መኪና መጭመቂያ ተጨፍልቀው ሞቱ። ከ11 ቀን በኋላ 1,300 ያህል ባልደረቦቻቸው ሥራ አቆሙ። በሰልፍ የያዙት ሰሌዳ የደመወዝ መጠን አልነበረም የተጻፈበት፤ «እኔ ሰው ነኝ» የሚል ነበር እንጂ። ማርቲን ሉተር ኪንግ ማርች 18 ቀን መጥቶ፣ ቆሻሻ አንሺው ካልሠራ በሽታ ስለሚስፋፋ ሥራው ከሐኪም ሥራ እንደማያንስ አስረዳ። ኤፕሪል 4 ቀን እዚያው ከተማ ተገደለ። ኤፕሪል 16 ቀን ከተማው ለማኅበራቸው ዕውቅና ሰጥቶ ደመወዝ ለመጨመር ተስማማ።

ደመወዝን የሚወስነው የሙያው ብርቅነት ነው የሚሉ አሉ። ይህ አባባል ዋጋው እንዴት እንደተተመነ ይገልጽ ይሆናል፤ ፍትሐዊ መሆኑን ግን አያረጋግጥም። ተተኪው በዛ ተብሎ የሠራተኛው ረኀብ አይቀንስምና።

በ2020 ወረርሽኝ ጊዜ የመደብር ሠራተኞች፣ ጽዳት ሠራተኞችና ዕቃ አመላላሾች ያለ እነርሱ ኑሮ እንደማይቀጥል ተነግሮላቸው ተጨበጨበላቸው። ብዙ ግዛቶች የተሻለ ቢደነግጉም፣ የፌዴራሉ መንግሥት ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ግን በ2009 በደረሰበት 7.25 ዶላር ላይ እንደቆመ ነበር። ጭብጨባ የቤት ኪራይ አይከፍልም።

ሰው በደመወዙ ልክ ሰው አይሆንም፤ የሜምፊስ ሠራተኞች ያሉትም ይህንኑ ነው። ሆኖም ጭማሪውን አጥብቀው ጠየቁ። ሁለቱ አይጣረሱም። የሰው ክብር በገንዘብ አይመዘንም፤ ሥራን አከብራለሁ የሚል ኅብረተሰብ እውነተኛነት ግን ለሠራተኛው በሚከፍለው ይመዘናል።