የእጅጌ ቁልፍና የሰው ክብር

ስለ ፍትሕ፣ ስለ ነጻነትና ስለ ሥልጣኔ ሲነገር ጆሮውን የማይሰጥ ሰው የለም። ስለ ሸሚዝ እጅጌ ጫፍና ስለ ቁልፉ እንነጋገር ቢባል ግን ብዙው ሰው ፈገግ ብሎ ያልፋል። እኛ ዛሬ ስለዚሁ ስለ ተናቀው ነገር ጥቂት ለማተት አስበናል። ሰው ስለ ራሱና ስለ ባልንጀራው ያለውን አሳብ የሚገልጸው በሸንጎ በሚናገረው ቃል ብቻ አይደለም፤ ጧት ከቤቱ ሲወጣ በሚቆልፈውና ሳይቆልፍ በሚተወው ቁልፍም ጭምር ነው።

ጥያቄያችን ይህ ነው፤ የአለባበስ ክብር ለለባሹ ነውን ወይስ ለሚያየው? ደግሞስ በአንድ አገር አየር የተሠራ ደንብ ወደ ሌላ አገር አየር ሲገባ፣ ሰው ለደንቡ ይገዛ ዘንድ ይገባዋልን ወይስ ደንቡ ለሰው?

አስቀድመን ቋንቋችንን እንጠይቅ። አባቶቻችን የቀድሞውን ሸሚዝ «እጀ ጠባብ» ብለው ሲጠሩት፣ ስሙን ያወጡለት ከአንገቱ ወይም ከቁመቱ ሳይሆን ከእጅጌው ነው። ይህ ያለ ምክንያት የሆነ አይመስለንም። በአማርኛ «እጅ ነሣ» ማለት አከበረ ማለት ነው፤ «እጁን ሰጠ» ማለት ተሸነፈ፤ «እጁ ንጹሕ ነው» ማለት ጉቦ አይበላም ማለት ነው፤ ደግ ሠርቶ ምስጋና ያጣውንም «እጁ አመድ አፋሽ» እንለዋለን። እንግዲህ የሰው ጠባይ በእጁ የሚነገር ከሆነ፣ እጅ ከልብስ የሚወጣበት በር የሆነው የእጅጌ ጫፍ ጥቂት ትኩረት ቢሰጠው አይበዛበትም።

አሠራሩን እንመልከት። ልብስ ሰፊው እጅጌውን ከላይ ሰፋ አድርጎ ከቆረጠ በኋላ፣ ወደ እጅ አንጓ ሲደርስ እጥፋት እያበጀ ይሰበስበዋል። በጎኑም ስንጥቅ ይተውለታል፤ ስንጥቁ ባይኖር መዳፍ በጠባቡ ጫፍ ባላለፈም ነበር። ጫፉ ከድርብ ጨርቅ ይሠራል፤ ቀጥ ብሎ እንዲቆምም በመካከሉ ጠንከር ያለ ገበር ይገባል። የቁልፉ ቀዳዳ ወደ ጎን ተጋድሞ ይቀደድና ዙሪያው በክር ይዘመዘማል። ወደ ጎን መጋደሙ ጨርቁ የሚጎተተው ወደዚያው ስለ ሆነ ነው፤ ቁልቁል ቢቀደድ ቁልፉ እጅ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ያመልጥ ነበር። ብልህ ሰፊ ቁልፉን ከጨርቁ ጋር አጣብቆ አይሰፋውም። በክር ተጠምጥሞ የሚቆም አጭር አንገት ያበጅለታል፤ የላይኛው ጨርቅ ሲቆለፍ ሳይጨማደድ የሚያርፈው በዚህ አንገት ላይ ነው። ስለዚህ በእጅ ሙያ እንኳ ማያያዝ ማነቅ እንዳልሆነ እንረዳለን። ስፍራ ያልተተወለት ቁልፍ ወይ ጨርቁን ይቀድዳል፣ ወይ ራሱ ይበጠሳል።

ቁልፉ ራሱስ ከምን ይሠራል? ከአጥንት፣ ከቀንድ፣ ከዛጎል ይሠራ ነበር፤ ዛሬ የሚበዛው ከፕላስቲክ ነው። በኤርትራ ቆላ ከሚበቅለው የዶም ዘንባባ ፍሬ ጠንካራ ውስጥም በጣልያን ዘመን ቁልፍ ይሠራ ነበር። ደገኛው የናቀው የበረሃ ፍሬ በከተማ ሹም እጅጌ ላይ እንደ ዝሆን ጥርስ ነጥቶ መታየቱ፣ ስለ ክብር ለሚጠይቅ ሰው የሚያሳስብ ነገር ነው።

የእጅጌ ጫፍ አዘጋግ ከሞላ ጎደል ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከፍ ብለን የገለጽነው፣ በተሰፋ ቁልፍ የሚዘጋው ነው። ሁለተኛው ጫፉ ረዘም ተደርጎ ወደ ኋላ የሚታጠፍና አራት ቀዳዳ ያለው ነው፤ በአራቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ሁለት ራስ ያለው የብር ወይም የወርቅ ጌጥ አልፎ ያያይዘዋል። ይህን ጌጥ ጣልያኖች «ጄሜሊ» ይሉታል፤ መንታዎች ማለት ነው። የተሰፋውን ቁልፍ ሕፃን ልጅ እንኳ ተለማምዶ ይቆልፈዋል። መንታውን ግን በአንድ እጅ አራቱን ቀዳዳ አገጣጥሞ ማሳለፍ ልምድ ይጠይቃል፤ ባለጸጎች አሽከር በነበራቸው ዘመንም የጌታውን እጅጌ መዝጋት የአሽከሩ ሥራ ነበር።

ይህን ስንል መንታውን ቁልፍ ለመንቀፍ አይደለም። ሰው በሰው መረዳቱ ነውር አይደለምና። እንዲያውም ማንኛውም እጅ የገዛ እጅጌውን መቆለፍ አይችልም። ግራውን የሚቆልፈው ቀኝ ነው፤ ቀኙንም የሚቆልፈው ግራ ነው። «አንድ እጅ አያጨበጭብም» የተባለው ለጭብጨባ ብቻ አይደለም። የምንነቅፈው፣ መረዳዳት በፈቃድ መሆኑ ቀርቶ፣ ሌላው ሰው የግድ እንዲያጎነብስልን ተብሎ ልብስ ሲሠራ ነው። በእርጅና የደከመ አባት እጅጌውን ልጁ ሲቆልፍለት ያ ፍቅር ነው። ጤነኛ ጎልማሳ እጁን ዘርግቶ ሲቆም ግን ልብሱ የሚናገረው ስለ ውበት ሳይሆን ስለ ጌትነት ነው።

ሌላም ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ በአሜሪካ በትሮይ ከተማ ሐና ሞንታግ የምትባል ሴት የባልዋን ሸሚዝ ኮሌታ ቆርጣ ለብቻው እንዲታጠብ እንዳደረገች ይነገራል። ከዚያ በኋላ የሚፈታ ኮሌታና የሚፈታ የእጅጌ ጫፍ በፋብሪካ እየተሠራ በብዙ አገር ተለበሰ፤ በዚያው መቶ ዓመት ማለቂያ ላይም በእርጥብ ጨርቅ ብቻ የሚወለወል የሴሉሎይድ ጫፍ መጣ። የሴትዮዋ አሳብ የሚያስመሰግን ነው፤ የማይታየውንና የማይመሰገነውን የአጠባ ድካም የሚቀንስ ነበርና። ሆኖም ነገሩ ሲለመድ ሌላ መልክ ያዘ። ሸሚዙ ያደፈ ሰው ኮሌታውንና የእጅጌውን ጫፍ ብቻ አንጽቶ፣ ኮቱን ደርቦ በጉባኤ መካከል ንጹሕ መስሎ ይቀመጥ ጀመር።

በዚያው ዘመን ደግሞ ጸሐፊዎች እጅጌያቸው በቀለም እንዳይበላሽ ከአንጓ እስከ ክርን የሚደርስ ጥቁር ጨርቅ ያጠልቁ ነበር። የሚፈታው ጫፍ ያደፈውን ለመሸፈን ሲያገለግል፣ ጥቁሩ ጨርቅ ደግሞ ሥራን ተቀብሎ ንጽሕናን ይጠብቅ ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ የምንገኝ ሰዎች የማንኛቸው ወገን እንደ ሆንን ብንመረምር መልካም ነው። ደብዳቤው በማኅተም አጊጦ፣ መዝገቡ ግን ተዝረክርኮ፣ ባለጉዳዩም በደጅ ጥናት ደክሞ ከሆነ፣ ያ መሥሪያ ቤት የለበሰው የሚፈታውን ነጭ ጫፍ ነው።

በአገራችን የልብስ ክብር የተገለጸው ከቁልፍ ይልቅ በአጣጣል ነበር። በታላቅ ሰው ፊት የሚቆም ሰው ሸማውን አውርዶ ወገቡ ላይ በመታጠቅ ያደገድግ ነበር፤ ኀዘን የደረሰበትም ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ ነጠላውን ያዘቀዝቃል። ሸማው ያው አንድ ሸማ ነው፤ ቃሉን የሚናገረው አጣጣሉ ነው። ንግግሩም ለሚያየው ሰው ነው፤ አከብርሃለሁ፣ ኀዘን ላይ ነኝ ማለት ነው። ለጀግና በሽልማት ይሰጥ የነበረው ቢተዋ ግን በክንድ ላይ ተጠልቆ የሚናገረው ስለ ባለቤቱ ነበር። እንግዲህ የአንድ ሰው እጅ ሁለት ዓይነት ቃል ሊሸከም ይችላል፤ አንዱ ለሌላው የሚሰጥ ክብር፣ ሁለተኛው ለራስ የሚጠየቅ ክብር ነው። የእጅጌ ቁልፍ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚናገር የሚታወቀው በቁልፉ ዋጋ ሳይሆን በለባሹ ጠባይ ነው።

ይህን ሁሉ ይዘን አሁን ወደ ጎግ እንውረድ። ጎግ በጋምቤላ ክልል፣ በአኙዋ ዞን፣ የጊሎ ወንዝ የሚያልፍበት ቆላ ነው። በበጋው መጨረሻ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ነዋሪው አኙዋ በወንዝ ዳር በቆሎና ማሽላ የሚያርስ፣ ዓሣ የሚያጠምድ ሕዝብ ነው። ወረዳው በፑኝዶ ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ማለቂያ ጀምሮ ከሱዳን የተሰደዱ አያሌ ሰዎችን ተቀብሏል። ወደዚህ ስፍራ ከደጋ የሚመደብ መምህር፣ ሐኪም ወይም ጸሐፊ በሻንጣው ከሚያስገባቸው ነገሮች አንዱ ነጭ ሸሚዝ ነው። በአዲስ አበባ ብርድ እስከ አንጓው ቆልፎ የሚለብሰው ሸሚዝ፣ በጎግ ቀትር ላብ ያሰጥመዋል። እንግዲህ ምን ያድርግ?

መልስ ከመስጠታችን በፊት፣ ከደጋ የወረደ ዓይን በቀድሞው ዘመን ያላየውን ነገር እናስታውስ። በ1894 ዓ.ም. በግንቦት ወር በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመው ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ስፍራ ተፈቀደ። በጋምቤላ በተቋቋመው ጣቢያም፣ ወንዙ በሚሞላበት ወራት በመርከብ ጨርቅና ጨው እየገባ ቡና ይወጣ ነበር። በዚያ ዘመን ከደጋ የወረደ ሹምም ሆነ ከባሕር ማዶ የመጣ ነጋዴ፣ ያልተሸፈነ ክንድ ሲያይ «ልብስ የሌለው ሕዝብ» ብሎ መፍረድ ይቀናው ነበር። በክንዱና በአንገቱ ላይ ያለውን ዶቃ ግን እንደ ተራ ጌጥ አልፎት ሄደ።

ያ ዶቃ ግን ተራ ጌጥ አልነበረም። አኙዋዎች «ድሙይ» የሚሉት ዶቃ የጋብቻ ጥሎሽ ነበር፤ ለእኅት የመጣው ለወንድም ጋብቻ እየዋለ ቤተ ሰብን ከቤተ ሰብ ያያይዝ ነበር። «ኡቹዎክ» የተባለው ሐብል ደግሞ መኳንንቱ ሲሾሙ የሚያጠልቁት፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ የሥልጣን ምልክት ነበር። እንግሊዛዊው የሰው ባሕል ተመራማሪ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ አኙዋ የፖለቲካ ሥርዓት ባሳተመው መጽሐፍ መኳንንቱ ስለነዚህ ምልክቶች ያደርጉት የነበረውን ፉክክር ገልጾታል። ስለዚህ ደገኛው የሌለ መስሎት የፈረደበት ነገር በፊቱ ነበረ። ድሙይ ሁለት ወገን ያገጣጥም ነበር፤ የሸሚዝ ቁልፍም ሥራው ይኸው ሁለት ወገን ማገጣጠም ነው። ልዩነቱ ሸሚዙ ጨርቅን ከጨርቅ፣ ድሙይ ግን ሰውን ከሰው ማያያዙ ነው። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ የሠለጠነ ማያያዣ እንደ ሆነ ለመፍረድ የሚቸኩል አንባቢ አይኖርም ብለን እናምናለን።

አሁን ወደ መምህራችን እንመለስ። አንዱ ወገን እንዲህ ይለዋል፤ «ደንብ ደንብ ነው፤ እጅጌህን ከሰበሰብህ ሕዝቡ ይንቅሃል፤ ተማሪህም ሥርዓት ያጣል።» ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «ልብስ ሰውን አይሠራውም፤ ሙቀት ባለበት አገር ቁልፍ ከንቱ ነው፤ ጣለው» ይለዋል። ሁለቱም ጥቂት እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ግን ይስታሉ።

የመጀመሪያው የሚስተው፣ መከበርን ከመራቅ ጋር ስለሚያደባልቅ ነው። እጅጌ ካልተሰበሰበ እጅ አይታጠብም፤ እጅ ካልታጠበም ከሰው ጋር አንድ መሶብ አይቀረብም። ሕመምተኛን ማጠብ፣ ከተማሪ ጋር ችግኝ መትከል፣ ወንዝ ዳር የተሰበሰበን ምርት መርዳት ሁሉ የተከፈተ እጅጌ ይፈልጋል። ከሥራውና ከመሶቡ የሚያስቀር ደንብ አክባሪውን አያስከብረውም፤ ከሕዝቡ መካከል ያወጣዋል እንጂ።

ሁለተኛው የሚስተው ደግሞ፣ የደንቡን ምክንያት ሳይመረምር ደንቡን ስለሚጥል ነው። በጋምቤላ ቆላ ወባ አለ። ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ በብዛት የምትናደፈው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ስለዚህ በቀትር እንደ ሸክም የታየው ረዥም እጅጌ ፀሐይ ስትጠልቅ ጋሻ ይሆናል፤ የሐኪም ምክርም ማታ ክንድን ሸፍኖ መቀመጥ ነው። ቁልፉን ቆርጦ የጣለ ሰው ሲመሽ የሚዘጋው ነገር ያጣል። ቀን ላይ ከንቱ ያልነው ነገር የማታ ጠባቂ መሆኑን ያወቀ ሰው፣ ሌሎችንም የአባቶች ደንቦች ለመጣል አይቸኩልም፤ እንዲሁ ለማምለክም አይቸኩልም።

ከዚህ ተነሥተን የምንደርስበት ፍርድ የሚከተለው ነው። የቁልፍ ጥቅም መዝጋቱ ብቻ አይደለም፤ መክፈቱም ነው። ሁልጊዜ ተዘግቶ ይኑር ቢባል ስፌት በበቃ ነበር፤ ሁልጊዜ ተከፍቶ ይኑር ቢባልም ቁልፍ ባላስፈለገ ነበር። ቁልፍ የተፈለሰፈው ሰው ጊዜውን ለይቶ እንዲዘጋና እንዲከፍት ነው። ስለዚህ በቁልፉ ላይ ያለው ሥልጣን የሰውየው ማስተዋል ነው። በመጀመሪያ ያነሣነው ጥያቄም በዚህ ይመለሳል። ደንቡ ለሰው ነው፤ ነገር ግን ለሚያስተውል ሰው ነው። የአለባበስ ክብርም ለለባሹ ብቻ ወይም ለሚያየው ብቻ አይደለም፤ አንዱ ለሌላው ሲል በሚቆልፈውና በሚከፍተው መካከል የሚገኝ ነው።

ስለዚህ ወደ ጎግም ሆነ ወደ ሌላ ሩቅ ወረዳ የምትመደቡ ወጣት መምህራንና ሠራተኞች ሆይ፣ ሸሚዛችሁን ስታሰፉ ሰፊውን ሦስት ነገር እዘዙት። እጅጌው በገዛ እጃችሁ የሚዘጋ ይሁን፤ ለሥራና ለመሶብ ጊዜ እስከ ክርን ለመሰብሰብ የሚበቃ ስፋት ይኑረው፤ ቁልፉም በጠንካራ ክር ይሰፋ። ከሰፊው የማይታዘዘውን አራተኛውን ግን ራሳችሁ አትርሱት፤ የእጅጌያችሁ ጫፍ ከሸሚዛችሁ የበለጠ ነጭ፣ ሸሚዛችሁም ከእጃችሁ የበለጠ ንጹሕ አይሁን። ባለጉዳዩ በጠረጴዛችሁ ፊት ሲቆም የሚያየው የእጅጌውን ቁልፍ ነው፤ ወደ ቤቱ ይዞት የሚመለሰው ግን እጁ የሠራለትን ነው።