የአረጋዊ ቃል በማን ሚዛን?

ሰው ሲያረጅ በመጀመሪያ የሚያጣው ምንድን ነው? ብዙዎቻችን የጉልበትን ብርታት፣ የዐይንን ብርሃን፣ የጆሮን ንቃት እንጠቅሳለን። እኔ ግን ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ የሚታጣ ሌላ ነገር አለ እላለሁ፤ እርሱም መታመን ነው። አረጋዊው የተናገረው ሁሉ ገና ሳይመረመር ውድቅ ይሆንበታል። ወደዚህ ሐሳብ ያደረሰኝ የመጽሐፍ ንባብ ሳይሆን ከአባቴ ጋር ያደረግሁት የአንድ ቀን ጉዞ ነው።

አባቴ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። በ1950ዎቹ መጨረሻ በፊያት የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆነው፣ በአዋሽ በረሃ በኩል ወደ ድሬዳዋ ይመላለሱ ነበር። መንጃ ፈቃድ ካወጡ በኋላ ግን ዕድሜያቸውን በጅማ መስመር ቡና ሲጭኑ ስለፈጁ፣ ወደዚያ በረሃ ተመልሰው አልወረዱም። በቅርቡ «በረሃዬን አንድ ጊዜ አሳየኝ» ቢሉኝ፣ አንድ ቅዳሜ ጎሕ ሳይቀድ ብስራተ ገብርኤል ከሚገኘው ቤታችን ተነሥተን በቃሊቲ በኩል ወጣን።

የረርን በግራ፣ ዝቋላን በቀኝ ትተን፣ አዳማን አልፈን ወደ ወለንጪቲ ስንዘልቅ ደጋው ከነብርዱ ከኋላችን ቀረ። ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት አዲስ አበባ ተነሥቶ 1000 ሜትር ገደማ ወደሆነው የአዋሽ ቆላ የሚወርድ መንገደኛ በግማሽ ቀን ሁለት አገር ያያል፤ ከባሕር ዛፍ ወደ ግራር፣ ከጋቢ ወደ ሽርጥ ይሸጋገራል። አባቴም ቁልቁል በወረድን ቁጥር ዕድሜያቸው የሚቀንስ መሰለ።

ችግሩ የተነሣው መተሐራ ልንደርስ ስንል ነው። በፈንታሌ ተራራ ግርጌ መንገዱ ከፍ ተደርጎ በተደለደለ መሬት ላይ ሆኖ በበሰቃ ሐይቅ በኩል ያልፋል፤ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እስከ ውሃው አፍ ድረስ ወርዷል። አባቴ በመስኮቱ ተመልክተው ፊታቸው ተለዋወጠ።

«መንገድ ስተሃል፤ እዚህ ውሃ የለም» አሉኝ። «ሜዳ ነው። የከረዩ ከብት ይሰማራበታል። መኪና አቁመን ምሳ እንበላበት ነበር።»

«አባባ፣ ሐይቁ የጥንት ነው፤ ከሌላ ቦታ ጋር ተምታቶብዎት ይሆናል» አልኋቸው። አነጋገሬ ሕፃን የሚያባብሉበት ዓይነት ነበር። አባቴ ዝም አሉ።

መተሐራ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ አጠገባችን የነበሩ አንድ የከረዩ ሽማግሌ ነገሩን ሰምተው፣ «እውነታቸውን ነው፤ ውሃው ነው የመጣብን» አሉ። ተጠንቶ የተጻፈ ሐቅም ነው። በ1950ዎቹ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የነበረው በሰቃ እየሰፋ ሄዶ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ግጦሹን ውጧል፤ አውራ ጎዳናውና የባቡር ሐዲዱም ከፍ ተደርገው እንዲሠሩ አስገድዷል። ተመራማሪዎች ከመስኖ እርሻ የሚሰርገውን ውሃና ከስምጥ ሸለቆው እንቅስቃሴ ጋር የተያያዘውን የከርሰ ምድር ውሃ በምክንያትነት ይጠቅሳሉ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ መሰማቱም ይታወሳል። ምድር ራሷ በማትረጋበት ስፍራ፣ እኔ ያልረጋው የአባቴ አእምሮ ነው ብዬ ፈረድሁ።

በሼክስፒር «ንጉሥ ሊር» መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ታላላቅ ሴቶች ልጆች ስለ አባታቸው የእርጅና ድክመት ይመካከራሉ። የሚሉት ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ ሊር በእርግጥ ተሳስቷል። ነውሩ ስሕተቱን ማየታቸው ሳይሆን ለራሳቸው ጥቅም ማዋላቸው ነው። እኛም «አርጅቷል» የምንለው ብዙ ጊዜ ከማዳመጥ ድካም ለመዳን ነው።

ይሁንና አረጋዊ ሁሉ ምንጊዜም ልክ ነው ማለት ሌላ ስሕተት ነው። ስንመለስ ወለንጪቲ አካባቢ፣ አባቴ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆነው፣ ከብዙ ዓመታት በፊት በሞተ ረዳታቸው ስም ጠሩኝ። «የኋላውን ጎማ አየኸው?» አሉ። በዚህ ጊዜ እውነቱ ከእሳቸው ጋር አልነበረም። «ልጅዎ ነኝ» ብል ላሳፍራቸው ነው፤ «አይቻለሁ» ብል ልዋሻቸው ነው። መኪናዋን ዳር አስይዤ ወረድሁ፤ ጎማውን በእግሬ መታ መታ አድርጌ ተመለስሁና «ደህና ነው» አልኋቸው።

«በል እንሂድ» አሉ።

አረጋዊ ልክ ሲሆንም ሆነ ሲሳሳት ከሰሚው የሚፈለገው አንድ ነገር መሆኑን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው፤ ወርዶ ማየት። ይህ ግዴታ የልጅ ብቻ አይደለም። ብዕር የያዝን፣ ጠመኔ የጨበጥን፣ ስብሰባ የምንመራ ሁሉ ልናስብበት ይገባል። «ሜዳ ነበር» የሚለንን ሽማግሌ ሳንመረምር ዝም ባሰኘን ቁጥር፣ ከትዝታችን አንድ ሜዳ በውሃ ይዋጣል።