የዋስ ዕዳ እስከ ምን ድረስ ነው?

በወገዳ፥ በጋይንትም በስማዳም በእስቴም፥ ባላጋራ ከባላጋራው ሲታረቅ ሽማግሎች አጥብቀው የሚሹት ዋስ ነው። ዋስ የሆነ ሰው ስሙን በሌላ ሰው ቃል ላይ ያኖራል፤ ቃሉ የፈረሰ እንደ ሆነ ባለቤቱ ቢሸሽ እንኳ እርሱ ይያዛል። ይህን ሥርዓት ባሰብን ቍጥር ከዓባይ ማዶ የነበሩት የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ትዝ ይሉናል።

ራስ ኃይሉ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ናቸው። ጎጃምን ብዙ ዘመን ገዙ፤ በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ጋራ አውሮፓን ጐበኙ። በ1924 ዓ.ም. ግን ልጅ ኢያሱን ከፍቼ እሥራት ለማስመለጥ ረድተዋል ተብለው ሞት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እሥራት ቢለወጥም ሀብታቸው ተወረሰ። በ1928 ዓ.ም. ጠላት ሲገባ ከእሥራት ወጥተው ለኢጣልያ አደሩ።

በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. የልዑል ራስ ካሣ ልጆች፥ ደጃዝማች አበራና አስፋ ወሰን፥ ምሕረት ታደርግላችኋለች ተብለው ፍቼ ላይ ለኢጣልያ ጦር እጃቸውን ሰጡ፤ በዚያውም ተገደሉ። በመካከል ሆነው ያግባቡና ያሳመኑ ራስ ኃይሉ እንደ ነበሩ የታሪክ ጸሓፊዎች ይተርካሉ።

ዳዊትስ ከሳኦል ሸሽቶ ወደ ፍልስጥኤማዊው ንጉሥ ወደ አንኩስ ተጠግቶ የለምን? የሚል ይኖራል። መልካም ጥያቄ ነው፤ ፈጥነን የምናልፈውም አይደለም። የተበደለ ሰው መጠጊያ መሻቱን ብቻውን ክሕደት አንለውም። ዳግመኛም ራስ ኃይሉ ራሳቸው ተታለው ይሆናል፤ ልባቸውን የመረመረ እግዚአብሔር ነው። እኛ የምንጠይቀው ስለ ማግሥቱ ነው። ዳዊት በአንኩስ አገር ሲቀመጥ ወገኖቹን በቃሉ አምኖ ወደ ወጥመድ አልጠራም። ይሁዳም ስለ ብንያም ለአባቱ ዋስ ሆኖ ነበርና፥ ጽዋው በብላቴናው ስልቻ በተገኘ ጊዜ፥ እኔ አላወቅሁም ብሎ አልተመለሰም፤ በእርሱ ፈንታ ባሪያ ልሁን ብሎ በግብጽ ሹም ፊት ቆመ። የዋስ ዕዳ እስከዚህ ይደርሳል። ራስ ኃይሉ ግን ቃላቸውን ወጥመድ ካደረገባቸው መንግሥት ጋራ ዓመታት ኖሩ፤ ክብሩንም ተቀበሉ።

ሽማግሌ ነበሩ፥ ጦርም አልነበራቸው፥ ምን ያድርጉ? ይባላል። ከደጃዝማች አበራ ጋራ በአንድ ምክር የነበሩት አቡነ ጴጥሮስም ጦር አልነበራቸውም። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አርበኞችን አውግዙ ሲባሉ እምቢ ብለው በጥይት አለፉ። ሁሉ ሰማዕት ይሁን አንልም፤ ይህ ጸጋ ለሁሉ አልተሰጠም። ሹመቱን መልሶ በቤት መቀመጥ ግን ሰማዕትነትን አይጠይቅም ነበር።

በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ በገቡ ጊዜ ራስ ኃይሉ ቀርበው እጅ ነሡ፤ በሞትም አልተቀጡም። በፍቼ የወደቁት ሁለቱ ወንድማማቾች በዚያን ጊዜ ከሞቱ አራት ዓመት አልፏቸው ነበር።