አብሮ መስማት

ማታ ከመገናኛ ወደ ሰሚት የምሳፈርበት ሚኒባስ ሾፌር፣ ስልኩን በብሉቱዝ ከቴፑ ጋር አገናኝቶ ከዩቲዩብ ያወረደውን የሬዲዮ ዝግጅት ይከፍታል። ጋዜጠኛዋ «እንደምን አደራችሁ» ብላ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ መሆኑን ትነግረናለች። ውጭው ጨልሟል፤ ረዳቱ ሒሳብ ይሰበስባል። የሚገረም ሰው የለም። እኔን ግን ይከነክነኛል፤ በሰዓቱ ካልሰማነው ከሌሎቹ አድማጮች ጋር አብረን ሰማን ይባላል?

ጥቅሙን አልክድም። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ዛሬ ከማንም ስልክ ላይ ይገኛል፤ ያን ጊዜ ግን ያመለጠ ክፍል አምልጦ ይቀር ነበር። ዋሽንግተን ያለችው እህቴ የመዓዛ ብሩን «የጨዋታ እንግዳ» የምትሰማው ከሌሊት ፈረቃ ስትወጣ ነው። ሸገር 102.1 ኢንተርኔት ላይ መውጣቱ ለእሷ ጽድቅ ነው።

መሣሪያው መለወጡ አይደለም የሚያሳስበኝ። ሚያዝያ 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ስቅለት ነበር። ኮሮና ቤት አውሎን፣ ቦሌ መድኃኔዓለም መሄድ ቀርቶብን፣ ቴሌቪዥን ፊት ምንጣፍ አንጥፈን ሰገድን። እናቴ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ በገዛ ሳሎኗ ጫማዋን አውልቃ ነበር። ከግድግዳው ማዶ የጎረቤቶቻችን ጉልበት ወለሉን ሲነካ ይሰማናል። ያየነው በስክሪን ቢሆንም ሰዓቱ የሁላችን ነበር። ቅጂውን አቆይተን ቀዳም ሥዑር ጠዋት፣ ሰው ቄጠማ በራሱ ላይ ሲያስር፣ እኛ የዓርቡን ብንሰግድስ? ምስሉ ያው ነው፤ ስግደቱ ግን ያ አይሆንም። ጾምም እንዲሁ ነው። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል እንጂ እኔ እስኪመቸኝ አይጠብቅም። ከሌላው ጋር የሚያገናኘኝም ይኸው፣ ራሴን ላልመረጥኩት ሰዓት ማስገዛቴ ነው።

የሥራ ባልደረባዬ በዚህ አይስማማም። «ድሮ አብራችሁ የሰማችሁት ሌላ ጣቢያ ስላልነበረ ነው» ይለኛል። እውነት አለው። ኅዳር 1967 የስልሳዎቹን ባለሥልጣናት መረሸን አገር የሰማው በሬዲዮ ነው። አብሮ መስማት ብቻውን በጎ ነገር አይደለም፤ ግዴታ ሲሆን ፍርሃትንም አብሮ ያደርሳል። በጎ የሚሆነው ወደን ስንገባበት ነው፤ ጾምን ጾም የሚያደርገውም እኮ መብላት እየተቻለ መተዉ ነው።

ስለዚህ ጣቢያዎቹ ቅጂውን ይጫኑልን፤ ያመለጠውም፣ ፈረቃ ያለበትም ይስማ። የቀጥታውን ሰዓት ግን እንደ ትርፍ ነገር አይቁጠሩት፤ በስልክም ቢሆን በዚያው ሰዓት ያድርሱልን። የቀረው የእኛ ፈንታ ነው። ማጥፋትም፣ ማቆየትም፣ ሌላ መክፈትም በእጃችን በሆነበት በዚህ ዘመን በሰዓቱ የተገኘ ሰው፣ ሌላ ምርጫ አጥቶ ከሚሰማው ይልቅ በእውነት አብሮ ሰምቷል።