ትልቁን ነገር አሳንሶ ስለ መሥራት

የሰው ልጅ ከዐቅሙ በላይ የሆነውን ነገር አሳንሶ መሥራት ይወዳል። ተራራውን በካርታ፣ ከተማውን በንድፍ፣ መርከቡን በሞዴል እያሳነሰ በፊቱ ያስቀምጠውና ያን ጊዜ «ዐወቅሁት» ይላል። ዳሩ ግን ያሳነስነውን ነገር በእርግጥ ዐውቀነዋልን? ይህን ጥያቄ ያስነሣብን መጽሐፍ ሳይሆን በትርፍ ሰዓታችን ከዋንዛ እንጨት የሠራነው የአንድ መድፍ ሰረገላ ነው።

መድፉ ቪክቶሪ በምትባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ በታችኛው ፎቅ ከተደረደሩት ትልልቆች የአንዱ አምሳያ ነው። ይህች 104 መድፍ ትይዝ የነበረች መርከብ በ1765 እ.ኤ.አ. ባሕር ላይ ወርዳ፣ በ1805 እ.ኤ.አ. በትራፋልጋር ውጊያ አድሚራል ኔልሰን የሞተባት ስትሆን ዛሬም በፖርትስመዝ ትታያለች። የመድፉ ብረት ብቻ ርዝመቱ 2.9 ሜትር፣ ክብደቱ 2,800 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ሰረገላው ግን ላዩን ለተመለከተው ቀላል ነገር ነው፤ ሁለት ወፋፍራም የጎን ሳንቃዎች፣ ሁለት ዘንጎች፣ አራት የእንጨት መንኰራኵሮች፣ አፈ ሙዙን ከፍና ዝቅ ለማድረግ ከመድፉ ጭራ ሥር የሚገባ ሽብልቅ።

እኛም ቀላል መስሎን ጀመርነው። መጠኑን አንድ ሃያኛ አድርገን፣ አራቱንም መንኰራኵር እኩል አድርገን ቈረጥን፤ በማመሳሰላችንም ያሳመርን መስሎን ነበር። ኋላ የመርከቡን ወለል አስመስለን በሠራነው ሳንቃ ላይ ብናቆመው መድፉ እንደ ተኰነነ ሰው አፉን ወደ ምድር ደፋ። ለካስ ወለሉ ከመካከል ወደ ጎን ስለሚያዘቀዝቅ የፊቶቹ መንኰራኵሮች ከኋለኞቹ የሚበልጡት በምክንያት ኖሯል! አፍርሰን እንደገና ሠራን።

ሥራው ባለቀ ማግስት አንድ የቤታችን ሕፃን መጥቶ ሰረገላውን በአንድ ጣቱ ገፋው። መድፉም ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ ጫፍ ተንከባለለ። ሳቅን፤ ወዲያው ግን ነገሩ ከነከነን። ርዝመትን በሃያ ሲያካፍሉት ክብደት የሚካፈለው በ8,000 ነው፤ የእኛ መድፍ እንደ ዋናው ከብረት ቢሠራ እንኳ 350 ግራም ብቻ በሆነ ነበር። ዋናውን ወደ መስኮቱ ለመጎተት ደርዘን ያህል ሰው ያስፈልግ ነበር። ሲተኰስ ወደ ኋላ ይወረወራል፤ የሚገታውም የእጅ አንጓ የሚያህል ገመድ ነው። ማዕበል መርከቡን ሲያናውጥ ያ ገመድ የተበጠሰ እንደሆነ መድፉ ጠላትን ትቶ የራሱን መድፈኞች ይደመስሳል። እኛ በዚያ ገመድ ፈንታ የልብስ ክር አሰርንበት፤ ክሩም በቃ። ስለዚህ ሥራችን ለዓይን እውነተኛ፣ ለእጅ ሐሰተኛ ሆነ። ሐሰቱም ልክን ከመሳት የመጣ አይደለም፤ ልኩን ሁሉ ከመጠበቅ የመጣ እንጂ።

ሳያሳንሱ ሥራ አይሠራም የሚለን ይኖራል፤ እውነቱን ነው። እንግሊዞችም በ17ኛውና በ18ኛው ምዕተ ዓመት የባሕር ኃይላቸውን መርከቦች ብዙ ጊዜ በአንድ አርባ ስምንተኛ መጠን በሞዴል ይሠሩ ነበር፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ እስከ ዛሬ በግሪንዊች ሙዚየም ይገኛሉ። እኛ በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎችስ ከቶ ምን እናገላብጣለን? መዝገብ ማለት አገር ተሳንሶ የተጻፈበት ወረቀት አይደለምን? ለምሳሌ «ከስፍራቸው የሚነሡ አባወራዎች ብዛት» የሚል አንድ መሥመር ይመጣል። ድምሩን እንመረምራለን፤ አልተሳሳተም። የቀረበልን ሻይ ሳይበርድ ማኅተም አርፎበት ወደሚቀጥለው እናልፋለን። በአንድ ጣት ገፋነው ማለት ነው።

ድምሩ ትክክል ከሆነ ሹሙ ነጻ ነው የሚሉ ባልደረቦች አሉን። እኛ በዚህ አንስማማም። ነገር ግን የመዝገቡን ሁሉ ሙሉ ክብደት በትከሻው ልሸከም የሚል ሰው በቀን አንድ መዝገብ እንኳ እንደማይጨርስ፣ በዚያም የሚጎዳው ደጅ ጠኚው ባላገር እንደሆነ አንክድም። የምንጠይቀው ይህን ብቻ ነው፤ በወረቀት የሚያንቀሳቅሰውን ነገር በሥራ ዘመኑ ጥቂት ጊዜ እንኳ ወጥቶ በስፍራው ይየው። የመንኰራኵሩን መበላለጥ እኛም ያወቅነው ወለሉን ሠርተን ካቆምነው በኋላ ነው።

ሰረገላው አሁን በመጽሐፍ መደርደሪያችን ላይ ነው። ክብደቱን ለማሳሰብ ብለን ስምንት ሳንቲ ሜትር የሚሆን አንድ መድፈኛ ከዚያው ዋንዛ ቀርጸን አጠገቡ አቁመን ነበር። እጁ፣ ጀርባው፣ የያዘው ገመድ ደኅና ሆኖ ነበር። ፊቱ ግን ሦስት ጊዜ ብንሞክረው አልወጣልንምና አንሥተነዋል።